ደባርቅ ላይ የታመመው ሰርቨር

ሥራዬን ያለ ጥፋቴ የሚያማ ሰው ደሜን ያፈላዋል። ደባርቅ ለሚገኝ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ ሠራሁና ድረ ገጹ የሚሠራበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ተከልኩት። ገና ወደምኖርበት ጎንደር ከመግባቴ ባለቤቱ ደወለ።

«ድረ ገጽህ ይንፏቀቃል! ያ ፒኤችፒ የምትለው ሞጁል ነው ጉዱ። እንግዶቼ ሌላ ቤት እየሄዱብኝ ነው!»

መምጣቴን በስልክ ተናግሬ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ስደርስ ሰርቨሩ እንደ ጥይት ይፈጥናል። ድረ ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን ያን ፕሮግራም፣ ሞጁሉን፣ ነቅዬ እንደገና ጫንኩት፤ አንድም እንከን የለበትም። ጎንደር ስገባ ያው ስልክ፣ ያው ጩኸት። እንዲህ እየተመላለስኩ ሰነበትኩ። በመጨረሻ «ካልቻልክ ለሚችል ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። እኔን!

በንዴት ሳልደውል ሄድኩ። ቢሮውን የሚያጸዱት እትዬ ዘውዴ ሲያዩኝ ክው አሉ። መስኮቱ ጥርቅም ብሏል፤ ሰርቨሩ በጋቢ ተጠቅልሏል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ እትዬ?» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው ትጮህብኛለህ ልጄ? ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት፣ ብነካው እንደ እሳት ሲፋጅ ዝም ልበለው? ምች ነው የመታው!»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ጋቢው የት ይሄዳል?»

«እንግዳ እየመጣ ተሸፋፍኖ መተኛት ነውር አይደል?»

ሰርቨር አየር ሲያጣ ግሎ ይንፏቀቃል፤ ጋቢውን ገፍፌ ወረወርኩት። የሰርቨሩ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሁሉ በታሸ ዳማከሴ ተጠቅጥቋል።