ሲያዩት የሚሰወረው ስሕተት

ትዕግሥት ከእግዚአብሔር የሚሰጥ ጸጋ ነው፤ በራስ ላይ እውነትን መመስከር ደግሞ ከዚያ የሚልቅ ጸጋ ነው። ለሁለቱም የታደለች አንዲት ሴት፣ በባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሦስተኛ ደርብ፣ መስኮቱ በማይከፈት ክፍል ውስጥ አሥራ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «እርጋታ» ይሏታል።

ሙያዋ ባለሙያዎቹ ከርነል የሚሉትን የኮምፒውተር እምብርት መጠበቅ ነው። ከርነሉ ለየፕሮግራሙ የሜሞሪ ቦታ ይሰጣል፤ ሥራው ሲያልቅም ተረክቦ ለሌላው ያስተላልፋል። ትእዛዝ የሚፈጽሙት ሁለት ፕሮሰሰሮች በአንድ ቅጽበት አንዱን ቦታ ከነኩት ግን አንዱ የሌላውን ያበላሻል። ስለዚህ አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ደጅ የሚጠብቅበት መቆለፊያ ይበጅለታል።

ክፍሉ የሚሠራለት፣ የሕሙማንን የልብ ምት የሚከታተል አዲስ መሣሪያ ገና በሙከራ ላይ ሳለ አልፎ አልፎ ቀጥ ማለት ጀመረ። ጥፋቱም «ጥድፊያ» በተባለው ባልደረባዋ ላይ ወደቀ። ጥድፊያ የመንታ ልጆች አባት፣ እጁም አፉም ፈጣን ሰው ነው። የመጨረሻውን ለውጥ ያደረገው እርሱ ነበርና አለቃው «እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ምክንያቱ ካልታወቀ ከዚህ ክፍል ትነሣለህ» አለው።

ጥድፊያ ከርነሉ የሚሠራውን ሁሉ በስክሪን ላይ የሚያሳዩ መልእክቶች በየቦታው ጨመረ። መሣሪያው ሦስት ቀን ሳይቆም ሠራ።

«እትዬ እርጋታ፣ ዳነ!» ሲል ሰኞ ጠዋት ጮኸ።

«ምን አድርገህ አዳንኸው?»

«ምንም! አፍጥጬ አየሁት፣ አፍሮ ሄደ።»

«አልሄደም፣ ተደብቋል። መልእክት መጻፉ ጊዜ ስለሚበላ ሁለቱ ፕሮሰሰሮች ሳይገናኙ እየተላለፉ ነው። መልእክቶቹን አንሣቸው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔን ልታስነሺ ነው?»

«አንሣ ስልህ!»

እያጉረመረመ አነሣቸው። ምሳ ሳይደርስ መሣሪያው ቀጥ አለ።

በምሳ ሰዓት እናቷ ደወሉ። «ዛሬስ ያ መሣሪያ የሚያቆመው ሌባችሁ ተያዘ?»

«ኧረ እማዬ፣ ስናየው ጨዋ ነው፤ ዞር ስንል ነው የሚያብደው።»

«አባትሽ ነዋ! ሳየው ዕቃ ያጥባል፤ ዞር ስል ጋዜጣው ላይ ተዘርግቷል።»

እርጋታ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሌላ መንገድም ያዘች። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እንዲጋጩ ሆን ብላ ትጋብዛቸው ጀመር፤ መቆለፊያ በሚለቀቅበት ቦታ ሁሉ ጥቂት መዘግየት ታስገባለች፣ ካልተጋጩም አንሥታ ወደሚቀጥለው ትሻገራለች። ረቡዕ ጠዋት፣ በሃያ ስድስተኛው ቦታ ላይ፣ መሣሪያው በተነሣ በአራት ሰከንድ ቆመ። ደግመው አስነሡት፤ በአራት ሰከንድ ቆመ። ጥድፊያ በደስታ ወንበሩን አቅፎ ዞረ።

መቆለፊያው አንድ መስመር ቀድሞ ይለቀቅ ኖሯል። ለአንዱ የተሰጠው የሜሞሪ ቦታ ከባዶ ቦታዎች ዝርዝር ሳይሰረዝ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ይደርስበታል።

«የማን እጅ ነው?» አለ ጥድፊያ አንገቱን አስግጎ።

እርጋታ ማን ምን እንደ ጻፈ የሚያሳየውን መዝገብ ገለጠች። «የእኔ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የጻፍሁት። ያንተ ለውጥ ሥራውን ቢያፈጥነው የእኔ ቀዳዳ ታየ።»

«አትይኝም! በይ፣ መስመሯን ዝቅ እናድርግና ‹ተስተካከለ› እንበል። ማን ይጠይቃል?»

«አንተን የሚጠረጥሩህ ይጠይቃሉ» ብላ ተነሣችና ወደ አለቃው ሄዳ ነገረችው።

አለቃው መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ? ስለ መቆለፊያ ስታስተምሪን የኖርሽው?»

«እኔው ነኝ፣ አለቃ። ጥፋቱን በእኔ ላይ ይጻፉት፤ እርሱን ይተዉት።»

«ስድስት ዓመት የእኔን ስሕተት ስትለቅሚ የራስሽ እዚህ ተኝቶ ኖሯል!» ብሎ አለቃው እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ጥድፊያ ከክፍሉ እንዲነሣ አስቀድሞ የጻፈውንም ደብዳቤ በፊቷ ቀደደው።

እርጋታ መስመሯን አስተካክላ፣ ስሕተቱ ካልጠፋ እንዲታይ መዘግየቱን ሳታነሣ መሣሪያውን አስነሣችው፤ መሣሪያው እስከ ዓርብ ሳይቆም ሠራ። ጥድፊያም ከወንበሩ ሳይነሣ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሥራዋን ሁሉ አስቀድሞ እርሱ እንዲመረምረው አደረገች። እርሱም በደስታ፣ ጥቂትም በመንጠራራት፣ ይመረምራል።

እግዚአብሔር የእጇን ሥራ ይባርክላት፤ ወላጆቿን በጤና ያቆይላት፤ ቤቷንም ሳቅ አያሳጣው። አሜን።