ከገበያ የገዛሁት የወታደር ሻንጣ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የሁለት የጀርባ ሻንጣዎች ፎቶ በስልክ ላከችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ልትወጣ ነው፤ ወገብ የሚይዘው ይሻላል ወይስ ቀለል ያለው? እኔን ብሎ አማካሪ! በሕይወቴ አስቤበት የመረጥኩት ሻንጣ አንድ ብቻ ነው።

ደርግ ወድቆ ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ የገባሁ ጎረምሳ መምህር ነበርኩ። ከባምባሲ መንገድ በእግር ወደሚገባ አንድ የበርታ መንደር ሄጄ ለአዲሱ ትምህርት ቤት ልጆች እንድመዘግብ ታዘዝኩ። ተመዝጋቢ ከጠፋ ትምህርት ቤቱ ይቀራል ተብሏል። ገበያ ወጣሁ። የቆርቆሮ ሳጥን ይከብዳል፣ ጆንያ በገመድ ትከሻ ይቆርጣል። ከወታደር የተረፈው አረንጓዴ የጀርባ ሻንጣ ግን ሰፊ ማንገቻ፣ የወገብ ቀበቶ፣ በየጎኑ ኪስ አለው። ዓይኔን ሳላሽ ገዛሁት። አስተርጓሚዬ ሐዋም ወደደችው፤ እሷ ግን እንደ አገሯ ሴቶች ጓዟን በዘንግ ሁለት ጫፍ አንጠልጥላ በትከሻዋ ነበር የተሸከመችው።

ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል። ሻንጣው እንዴት እንደተመቸኝ! መንደሩ ስንደርስ ግን ሰው የለም። የባምያ ወጥ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፣ ልጅ የሚባል አይታይም። ሐዋ እየተጣራች ዞራ ፊቷ ተለውጦ ተመለሰች። የመንደሩ ሰዎች የወታደር ሻንጣዬን ከሩቅ አይተው፣ ልጆቹን ለውትድርና የምወስድ መስሏቸው የቀርከሃው ጫካ ውስጥ ደብቀዋቸዋል።

ሻንጣውን ማንጎ ዛፍ ሥር አውርጄ ጠመኔውንና ደብተሩን ሁሉ ዘረገፍኩ። ሐዋም መምህር ነው እያለች ተጣራች። ቆይተው አንዲት እናት ወጡ፤ ልጃቸው በደርግ ጊዜ ለጦርነት ተወስዶ ያልተመለሰ። ጠመኔዬን ዞር ብለውም አላዩት። የባዶውን ሻንጣ ኪሶች አንድ በአንድ ዳበሱ። ክዳኑ ውስጥ በቀለም የተጻፈ ስም ነበር፤ አንብብልኝ አሉ። እኔም ልክ እንደሳቸው ፈራሁ። አነበብኩት። የልጃቸው አልነበረም።

ከዚያ ማንገቻዎቹን አጣጥፈው ሻንጣውን መለሱልኝና ባለቻቸው ትንሽ አማርኛ፣

«እናት አለው። እናቱ ይፈልጋል። አትሽጥ» አሉኝ።

በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን እጇን ይዘው መጡ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ እሷ ትቻል አሉ በሐዋ በኩል። ሌሎቹም ልጆቻቸውን እያስከተሉ መጡ፤ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ።

ልጄን የሚመችሽን ግዢ አልኳት። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ያንተን ለምን አልወስድም ስትለኝ ግን እምቢ አልኩ። የዚያ ወታደር እናት እስከ ዛሬ በሕይወት እንደማይኖሩ አውቃለሁ፤ ሻንጣው ግን የኔ አይደለማ።