ለአባቴ የቆየው ወይን ጠጅ

የበኩር ልጃችን ክርስትና የተነሣው ፍልሰታ እንደተፈታ፣ በነሐሴ አጋማሽ ነው። ያኔ ወረታ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት ቆርቆሮ ቤቶች ነበረች። ባለቤቴ እዚያው ያስተምር ነበር። የልጃችን የክርስትና አባት የባለቤቴ ወዳጅ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ከጎንደር አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ይዞልን መጣ።

እኔ ጠላ ጠምቄ ስለነበር እንግዶቹ ወይን ጠጁን ብዙም አልደፈሩትም። ቀመስ እያደረጉ "ይጎመዝዛል" አሉና ወደ ጠላቸው ተመለሱ። ድግሱ ሲበተን ጠርሙሱን ባየው ግማሽ ያህሉ ተርፏል።

ከእንግዶቹ መካከል አባቴ አልነበሩም። አባቴ ከቁሐር ሚካኤል በኩል፣ ሜዳው ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ክረምት ላይ ጣና ሲሞላ፣ ወንዞቹም ሲያጥለቀልቁ፣ ሜዳው ውሃ ይሆንና ሰው ከመንደሩ አይወጣም። እሳቸው የቀሩት ግን በውሃው ብቻ አልነበረም። "አስተማሪ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ አገር ነው፤ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል" ብለው ጋብቻችንን ስላልወደዱት፣ ከሠርጋችን ወዲህ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም።

በክርስትናው ማግሥት ታዲያ አንድ ዘመዳችን ውሃውን በታንኳ አቋርጦ መጣ። "አባትሽ ውሃው ሲጎድል ልጁን ላይ እመጣለሁ ብለዋል" አለኝ። ያን እንደሰማሁ የተረፈውን ወይን ጠጅ ለእሳቸው ላቆየው ቆረጥሁ።

"ያን ያህል አይቆይም" አለ ባለቤቴ። "አንዴ ከተከፈተ ይኮመጥጣል።"

"እንግዲያ ምን ላድርገው?"

ትንሽ አሰበ። "የሚያበላሸው አየሩና ሙቀቱ ነው። አየር ከከለከልሽው፣ ማን ያውቃል።"

የአባቴን መምጣትም የሚያምን አይመስልም ነበር። ግን አፍ አውጥቶ አላለኝም።

አንድ ትንሽ የአረቄ ጠርሙስ በፈላ ውሃ አጥቤ አደረቅሁ። ወይን ጠጁን አረፋ እንዳያነሣ በቀስታ እያንቆረቆርሁ እስከ አፉ ድረስ ሞላሁት። ውታፉን አጥብቄ ወተፍሁና ዙሪያውን በቀለጠ ሰም ደፈንሁ። ከዚያ ጓዳ ውስጥ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ ከውሃ እንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ አድርጌ እዚያ ቀበርሁት። ጧት ጧት አሸዋው ላይ ውሃ ረጨት አደርግ ነበር።

ከትንሹ ጠርሙስ ተርፎ በትልቁ የቀረው ብዙም ሳይቆይ ሆምጣጤ ሆነ። ባለቤቴ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ።

"ያኛውስ?" አለኝ።

"ያኛው እሳቸው ሳይመጡ አይከፈትም" አልሁት። በልቤ ግን ፈርቻለሁ።

መስቀል አለፈ። ውሃው ከሜዳው እየሸሸ፣ ከብቱም ወደ ለምለሙ ሣር መውረድ ሲጀምር፣ አንድ ጧት ከደጅ ሳል ሰማሁ። የአባቴን ሳል የትም ቢሆን ለይቼ አውቀዋለሁ። ብወጣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ አንዲት ቀይ ጊደር በገመድ ይዘው ቆመዋል።

"የልጁ ናት" አሉ፣ ገመዱን ለባለቤቴ እያቀበሉ።

እግራቸውን አጠብሁና ልጁን አስታቀፍኋቸው። ፊቱን ትክ ብለው አዩት። ባለቤቴ ጊደሯን ደጅ አስሮ ገባ።

ጠርሙሱን ከአሸዋው አወጣሁ። ሰሙን በቢላ ፍቄ ውታፉን ነቀልሁ። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስሁት። መዓዛው ቀነስ ብሏል እንጂ አልኮመጠጠም። በብርሌ ቀድቼ ሰጠኋቸው።

"ምንድን ነው ይኼ? የቄስ መጠጥ ነው?" አሉ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው እያዩት።

"የክርስትናው ነው፣ አባባ። ለእርስዎ ያቆየሁት ነው።"

"ከነሐሴ ጀምሮ?"

"እንደሚመጡ አውቅ ነበር።"

ጎንጨት አሉ። "ጎምዘዝ ይላል። ግን ደግ ነው።" ብርሌውን ለባለቤቴ ዘረጉለት። "አንተም ጠጣ እንጂ። ያቆያችሁት አብራችሁ አይደል?"

"የለም፣ እሷ ናት ያቆየችው" አላቸው። "እኔስ አይቆይም ብዬ ነበር።"

"እኔም አልሄድም ብዬ ነበር" አሉና ሳቁ። አባቴ ባለቤቴ ፊት ሲስቁ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ጥቂት ቆይተው "አገር ቢቀይሩህስ?" ብለው ጠየቁት።

"ቢቀይሩኝም ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ይዣቸው እመጣለሁ።"

"ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ውሃ ነው።"

"በታንኳ እንመጣለና" አለ ባለቤቴ።

አባቴ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተቀበሉት መሰለኝ።

እህል ከቀመሱ በኋላ የመሬቱ እርጥበት ሳያመልጣቸው ሽምብራ መዝራት እንዳለባቸው ተናግረው ተነሡ። ትምህርት ቤቱ ገና አልተከፈተም ነበርና ባለቤቴ ሳይጠየቅ ሱሪውን ሰብስቦ አብሯቸው ወደ ሜዳው ወረደ። ከቀናት በኋላ ሲመለስ እጁ ውሃ ቋጥሮ፣ ወገቡን ይዞ ነበር የመጣው። ስለ እርሻው ግን እራት እስኪቀርብ ድረስ አውርቶ አልጠገበም።

"ሽምብራው ሲደርስ ለነቀላውም ና ብለውኛል" አለኝ።