ለቅሶ ቤት ያነሳሁት ጉዳይ

ወረርሽኙ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ልጄ ጆሃንስበርግ በዩኒቨርሲቲ የነበራት ሥራ ሊያበቃ ስድስት ወር ቀረው። የመኖሪያ ፈቃዷም ከሥራው ጋር የሚያበቃ ነበር። መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳን ቶሎ በሚለይ ምርመራ ላይ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ስለዚህ ልዩ ችሎታ ላላቸው ተመራማሪዎች በሚሰጠው ቪዛ አሜሪካ ለመግባት አመለከተች። የመጣው መልስ ግን ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ ሆነ። ማመልከቻዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ሠራን፣ አገኘን» ብላለች፤ «ሠራሁ» ማለት አፍራ። «የአንቺ ድርሻ የቱ ነው?» አሏት የቪዛ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች። ይህን በደብዳቤ ሊመሰክሩላት የሚችሉት ምርምሩን የመሩት ፕሮፌሰር ብቻ ነበሩ። ማስረጃው የሚገባበት የመጨረሻው ቀን አርብ ነው።

በዚያው ሳምንት ሰኞ የፕሮፌሰሩ ባለቤት በኮቪድ ሞቱ።

ልጄ ስልኳን ይዛ ዮቪል በሚባለው ሰፈር የተከራየናት ጠባብ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«በምን አፌ ደብዳቤ እጠይቃቸዋለሁ?»

«አትጠይቂም። ለቅሶ ደርሰን እንመለሳለን።»

«እማዬ፣ አርብ እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ሐዘንተኛ ፊት የራስ ጉዳይ አይነሳም።»

ረቡዕ ጠዋት ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ ንፍሮ ያዝኩ። ታክሲው ውስጥ ልጄ ዕቃውን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

«ንፍሮ ምን እንደሆነ ያውቃሉ ብለሽ ነው?»

«ማወቅ ምን ያደርጋል? መብላት ነው።»

በዚያ ሳምንት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

ፕሮፌሰሩ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር አራርቀው አስቀመጡን። ማክሰኞ በነበረው ቀብር ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ እንደነበረና ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን የረገጠ እንደሌለ ነገሩን። እኛም እንደ ልማዳችን ዝም ብለን ተቀመጥን። መጀመሪያ ዝምታው የከበዳቸው መሰለኝ። ቆይተው ንፍሮውን እየዘገኑ ይበሉ ጀመር። ልጄ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬት ታያለች፤ ጣቶቿ ግን አላረፉም። አንድ ሰዓት አለፈ። እኔ ያስተማርኳትን ጠብቃ፣ ስለ ደብዳቤው ቃል ሳትተነፍስ ልትወጣ ነው።

በሩ ጋ ተሰናብታቸው ወጣች። እኔ ግን እግሬ አልሄድ አለ። እንግሊዝኛዬ ለገበያ ያህል ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ። የልጄ የቪዛ ቀን አርብ ያልቃል። ብቻዋን የሠራችውን ይጻፉላት።»

«እማዬ! ምን ነካሽ?» አለች ልጄ ከውጭ በአማርኛ።

ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ባለቤትዎ...» ብላ አቆመች።

«የምርመራውን ዘዴ ያገኘሽው አንቺ ነሽ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እኔማ አይሠራም ብዬ ተከራክሬሽ ነበር። እሱንም እጽፈዋለሁ።»

በታክሲ ወደ ዮቪል ተመለስን። ከታክሲው ስንወርድ፣ «ሐዘንተኛ ፊት አይነሳም አላልሽም?» አለች።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«አጥፍቻለሁ።»

ደብዳቤው ሐሙስ ማታ ደረሰ፤ የቪዛ ጉዳይዋን የያዙት ጠበቃ አርብ አስገቡት። ቪዛው ፓስፖርቷ ላይ የተለጠፈው ሥራዋ ሊያበቃ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። እሷ ሄደች፤ እኔ እዚሁ አለሁ። ለፕሮፌሰሩ ደውዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ። ያው ሰዓት ቢመለስ ያንኑ እንደማደርግ ስለማውቅ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።