የጄኔራሉ ሐሙሶች

የበረኪና ሽታ ከረጠበ የውሻ ጠጉር ጋር ሲቀላቀል፣ ዛሬም ድረስ የትም ብሆን ትዝ የሚለኝ የእህቴ ባል የእንስሳት ክሊኒክ ነው። ጠዋት ጠዋት ወለሉ በበረኪና ይታጠባል፤ ገና ሳይደርቅ የመጀመሪያው ውሻ እየተጎተተ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ያ ሽታ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይውላል።

የእህቴን ባል የሰፈሩ ሰው «ሐኪሙ» ይለዋል። ከእንስሳ ጋር እጁ የተባረከ ነበር። ከሰው ጋር ሲሆን ግን አፉ ይለጎማል። እሱ ይመረምራል፣ ያክማል፤ ለባለቤቱ መንገር የእህቴ ድርሻ ነበር። እሷ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ አግዳሚው ላይ ከደንበኛው ጎን ትቀመጣለች፤ ፊት ለፊት ተቀምጣ አታውቅም። ከሁሉ አስቀድማ የእንስሳውን ስም ትጠራለች። «ቡቺ ዛሬ ጎበዝ ነበር» ትላለች። ክፉ ወሬ ካለ ከዚያ በኋላ ቀስ አድርጋ ነው የምታመጣው። ሰው እያለቀሰም ቢሆን አመስግኗት ይሄዳል።

እህቴ በሞት ስትለየን ወንበሯን እኔ ያዝኩ። ስልክ አነሣለሁ፣ ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ክትባት የደረሰባቸውን እየደወልኩ አስታውሳለሁ።

«ሄሎ፣ የሚሚ እናት ነሽ?»

«ኧረ እኔ ልጅ የለኝም እቴ! ማን ልበል?»

«ድመትሽን ማለቴ ነው። ክትባቷ ደርሷል።»

«እሷማ ከቤት ከወጣች ሰነበተች። ካገኘሻት አንቺው ክተቢያት!»

እንዲህ እየተባባልን እንስቃለን። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቤቱ መልሶ ጭር ይላል፤ ከውስጥ ክፍል የሚሰማው ሐኪሙ መቀስና መቆንጠጫውን የሚቀቅልበት ድስት ሲንተከተክ ብቻ ነው። ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ከመንገዱ ማዶ ወደ ተከፈተው ባለ መስታወት ክሊኒክ ተሻገሩ። እዚያ ሐኪሙ ራሱ በር ድረስ ወጥቶ እየሳቀ ይቀበላል ይባላል። የእኛው ሐኪም «ምን ሆኖብኝ ነው?» ሲሉት ጫማውን እያየ «እናያለን» ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። ደንበኛው ዞሮ እኔን ያየኛል፤ እኔ ደግሞ ጣሪያውን አያለሁ።

«ኧረ አናግራቸው!» አልኩት አንድ ቀን። «ሰው እኮ አይናከስም።»

«በምን አወቅሽ?» አለኝ።

ሳያጓድሉ የሚመጡት አንዲት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ነበሩ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ማለቴ ከውሻቸው ጋር። ውሻው ጄኔራል ይባላል። ደረቱ ሰፊ፣ አረማመዱ ኩሩ ስለ ሆነ ማዕረጉ አይበዛበትም፤ ድመት ያየ ዕለት ግን አግዳሚ ሥር ገብቶ የሚደበቅ ጄኔራል ነበር። ሰውን ለማናገር የሚጨነቀው ሐኪም ለእሱ ሲሆን አንደበቱ ይፈታል፤ ያውም በአንቱታ።

«ጄኔራል፣ እንደምን ሰነበቱ? እስቲ ምላስዎን ያሳዩኝ።»

«ለእርስዎ ነው እንጂ ምላሳቸውን የሚያሳዩት» ይላሉ መምህርቷ፤ «ቤት ሲገቡ እኔን ጥርሳቸውን ነው የሚያሳዩኝ።»

ሐኪሙ ይስቃል። እህቴ ካረፈች ወዲህ ሲስቅ የማየው ያኔ ብቻ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐኪሙ የጄኔራሉን ሆድ ሲዳብስ እጁ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። መምህርቷን «ሐሙስ ሐሙስ ያምጡት፤ የቫይታሚን መርፌ እንወጋዋለን» ብሎ ሸኛቸው። እንደ ወጡ ያዝኩት።

«ምንድን ነው ያገኘህበት?»

«እብጠት። አይድንም። በቀዶ ጥገና እንዳይወጣም አርጅቷል።»

«ታዲያ ንገራቸዋ!»

«እኔ ራሴ ነግራቸዋለሁ። አንቺ ትንፍሽ እንዳትዪ።»

እንግዲህ በየሐሙሱ ዛሬ ይነግራቸዋል እያልኩ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ። ሐሙስ ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ የተተኮሰ ነጭ ጋውን ለብሶ ይመጣል። «ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀጠሮ እንዳትይዢ፣ እሳቸውንም ክፍያ እንዳትጠይቂ» ብሎኛል። የሚያዝ ቀጠሮ እንኳ አልነበረም። መርፌው ከተወጋ በኋላ መምህርቷ አግዳሚው ላይ ሻይ ይዘው ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው ያወራሉ። ማካፈል አልገባ ብሎት ስላለቀሰው፣ በኋላ ግን መሐንዲስ ስለ ሆነው ልጅ ያወራሉ። ሐኪሙ ባዶውን መርፌ በጣቶቹ መካከል እያገላበጠ ያዳምጣል። ሲሄዱ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ታክሲው ከታጠፈም በኋላ ይቆማል። ማታ ሲገባ ባዶው ቤቱ እንዴት እንደሚቀበለው አውቃለሁና አልጠራውም።

ጄኔራሉ ግን በየሳምንቱ እየከሳ ሄደ። ታክሲው በተንገጫገጨ ቁጥር እንደሚያቃስት መምህርቷ ይነግሩናል፤ ነግረውም «ግን መርፌው እየረዳው ነው አይደል?» ይላሉ። ይህን ሲሉ ሐኪሙ ጫማውን ያያል።

አንድ ሐሙስ መምህርቷ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው አመጡት። ጄኔራሉ የመመርመሪያውን ጠረጴዛ ገና ሲያይ ተንቀጠቀጠና ብርድ ልብሱን አረጠበው። መምህርቷ በኀፍረት «ይቅርታ፣ እንዲህ አድርጎ አያውቅም» አሉ። ሐኪሙ መርፌውን ሞልቶ ይዞ ነበር። ውሻውን አየው። ከዚያ መርፌውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠና ጎንበስ አለ።

«ጄኔራል» አለ፣ ጆሮውን እያሻሸ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ጡረታ ወጥተዋል። ከእንግዲህ እዚህ የሚያመላልስዎ ጉዳይ የለም። ይህ መርፌ አያድንዎትም። መንገዱ ያሳምምዎታል። ቤትዎ፣ ፀሐይ በሚገባበት በኩል ጋደም ይበሉ። ሕመሙ ሲብስብዎ የማስታገሻ ኪኒን እሰጥዎታለሁ።»

መምህርቷ ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ለእኔ ይንገሩኝ እንጂ ዶክተር። ውሻው ምን ያውቃል?»

ሐኪሙ ቀና አለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰውን ዐይን ዐይኑን ሲያይ ማየቴ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ሆዱ ውስጥ እብጠት አለ። የሚድን አይደለም።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ክረምቱ ሊገባ ሲል።»

«ክረምቱ ሊገባ ሲል።» ደገሙት፤ ሒሳቡ እንዳልመጣለት ተማሪ ሳይሆን፣ መልሱን እንዳገኘና እንዳልወደደው ሰው። «ታዲያ ይህን ፍጡር በየሳምንቱ ለምን አንገላታነው?»

አንድ ሰበብ ፈጥሬ መሃል ልገባ ከወንበሬ ብድግ አልኩ፤ እሱ ቀደመኝ።

«እርስዎ እንዲመጡ ብዬ ነው» አለ። «ሐሙስ ባይኖር እኔ ሳምንቱን…»

ከብልቃጡ ኪኒን ቆጥሮ በወረቀት ጠቀለለ። መምህርቷ ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ብርድ ልብሱን ከዚህም ከዚያም እየሰበሰቡ ጄኔራሉን ሸፈኑት። ሐኪሙ ለማንሣት ሊያግዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ሳይቆጡ፣ ዕቃ ከመንገድ ላይ ፈቀቅ እንደሚያደርግ ሰው እጁን ገለል አደረጉት። ሥጋው ያለቀ ውሻ ነውና ለእሳቸው አልከበደም፤ ራሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ። በሩን ከፈትኩላቸው። እኔንም እሱንም ሳያዩ፣ ደኅና ዋሉ ሳይሉ ወጡ።