ጀንፈል ድንጋይ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከቡና ውስጥ ድንጋይ በማስወጣት ነው። አጋሮ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን የለቀማ ኃላፊ ነበርኩ። ተደርድረው ከሚለቅሙት ሴቶች ጀርባ እየተንጎራደድኩ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን፣ ከሁሉም በላይ ድንጋዩን "ይቺስ?" እያልኩ በጣቴ አሳያለሁ። ሴቶቹ ከኋላዬ ምን ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እዚህ አይጻፍም።

እንዲህ ያለው ሰው በስተርጅናው ድንጋይ ሊለቅም ከጅማ ተነሥቶ አፋር በረሃ ድረስ ሄደ ቢባል ማን ያምናል? ባለቤቴም አላመነችም። "ድንጋይ ከሆነ የፈለግኸው እዚሁ ጓሮ ቆፍር፤ በዚያው ጎመን እተክልበታለሁ" አለችኝ።

የሄድኩት ለጎረቤቴ ብዬ ነው። ጎረቤቴ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የጅማን ቡና ጭኖ እስከ ወደብ ይወስድ ነበር። ወጣት ሳለ በአንዱ ጉዞ መኪናው በረሃ ላይ ቆማበት፣ መለዋወጫ እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ ሲዞር አንድ ድንጋይ ያነሣል። አሳምሮ አስጠረበውና የሠርጉ ቀለበት ላይ ፈርጥ ሆነ። ቀይ አቂቅ ነው። ሙስሊሞች ዘንድ አቂቅ የተወደደ ድንጋይ ነው፤ ይሄኛው ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከጣቱ ወልቆ አያውቅም። ባለፈው ክረምት እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ከባጃጅ ሲወርድ ፈርጡ ተነቅሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። ፈለግን። የመርካቶን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ሰው ምን እንዳገኘን አይጠይቀኝም።

ሌላ ፈርጥ መግዛት ይቻል ነበር። እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛውም እየደከመ ነው። ሐኪሙ ይሄኛውም ብዙ እንደማይቆይ ቁርጡን ነግሮታል።

"ሳይጨልምብኝ ራሴ ሄጄ ላንሣው" አለኝ። "ተጠርቦ ሲመጣም በዓይኔ ልየው። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ማሎ።"

ማሎ የኦሮምኛ ልመና ነው። ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ሾፌር ጥሩንባ ይነፋል እንጂ አይለምንም።

"እኔ ዓይን እሆንሃለሁ" አልኩት። "ከአንድ ጆንያ ቡና አንዲት ጥቁር ፍሬ ለይቶ የሚያወጣ ዓይን ነው ያለኝ።"

"ወላሂ፣ ካንተስ ዓይንህ ሳይሆን አፍህ ነው ትልቁ" አለ። ግን ወሰደኝ።

የሄድንባትን መኪና የነዳው ትልቁ ልጁ ነው፤ እሱም ራሱ ልጆች ያደረሰ ሰው ነው። አዋሽን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወጥተን፣ የአገሩን መንገድ የሚያውቅ አንድ የአፋር አዛውንት አሳፍረን ደረቅ ወንዝ ዳር ደረስን። ስለ በረሃ የሚባለውን ትልልቅ ነገር ሁሉ ለማሰብ ተዘጋጅቼ ነበር። አልመጣልኝም። ሙቀት ነው፤ ጠጠር ነው። ከዛፍ ጋር የኖረ ዓይኔ የሚያርፍበት ቢያጣ የገዛ ጫማዬን ማየት ጀመረ።

አዛውንቱ በዱላቸው ተደግፈው ትንሽ አዩንና ልጁን ጠየቁት። "እነዚህ ሽማግሌዎች ከየት ነው የመጡት?"

"ከጅማ።"

"ጅማ ድንጋይ የለም?"

"አለ።"

"ታዲያ?"

"አባቴን ይጠይቁት" አለ ልጁ። እሳቸው ግን የሚጠየቅ ሰው አላዩም መሰለኝ፣ ሄደው የመኪናዋ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ጎረቤቴ በጉልበቱ ተንበርክኮ በመዳፉ ይዳስሳል። የሚያነሣው ሁሉ የድንች ቅርጽ ያለው፣ አፈር የመሰለ፣ ፈንጣጣ የወጋው የሚመስል ሻካራ ድብልቡል ነው። ወደ ዓይኑ አቅርቦ ያየዋል፣ በእጁ ይመዝነዋል፣ ጆንያ ውስጥ ይጨምረዋል። እኔ የድሮ አመሌ አልለቀቀኝም፤ ከኋላው ቆሜ "ይቺስ?" እላለሁ።

"እየተከተልክ አታስጨንቀኝ! ሂድ፣ ማዶ ልቀም።"

ማዶ ሄጄ ለቀምኩ። ጥቁር፣ ልስልስ፣ አንድ ወጥ፣ የሚያብረቀርቅ። እጄን የነካ ጉድለት ያለበት ድንጋይ የለም።

ወደ ማታ ገደማ ጎረቤቴ ሊሰግድ ውሃ ጠየቀ። መኪናዋ ተዳፋት ላይ ነው የቆመችው፤ የእጅ ፍሬኗን ደግሞ አያምነውም። ከጆንያው አንዱን ድብልቡል አውጥቶ በኋላ ጎማዋ ሥር ታኮ አድርጎ ሸጎጠና ውዱእ ሊያደርግ ሄደ። ልጁና አዛውንቱም ወዲያ ራቅ ብለው ስለ መንገዱ ይነጋገራሉ። እኔና ጆንያው ብቻችንን ቀረን።

ጆንያው ከባድ ነው። ውስጡን ሳየው አዘንኩለት፤ ዓይን የሌለው ሰው የለቀመው መሆኑ ያስታውቃል። ዓይን እሆንሃለሁ ብዬው የለ? ዘረገፍኩትና እንደ ድሮዬ መልቀም ጀመርኩ። ሻካራውን፣ ፈንጣጣውን፣ ቅርጹ የተንጋደደውን እያነሣሁ ወደ ወንዙ ወረወርኩ። የእኔን ልስልሶች ሞላሁበት። አፉን ስቋጥር ደረጃ አንድ ቡና ለውጭ ገበያ ያዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር።

ሰግዶ ሲመለስ ታኮውን ከጎማው ሥር አንሥቶ ከኋላ ወንበር ሥር ጣለው። ጆንያውን አልነካውም።

ጅማ ስንገባ በቀጥታ መርካቶ ወዳለው ወርቅ ሠሪ ሄድን። ጎረቤቴ እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተ። ዳሰሰ። ሌላ አነሣ። እጁ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለቅሜልህ ነዋ" አልኩ፤ ሽልማት የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበረኝ።

ወርቅ ሠሪው አንዱን በመዶሻ መታው። ውስጡም ጥቁር። ሌላውንም መታ። እሱም ጥቁር፤ ተራ ድንጋይ።

"የእኔ ሻካራዎችስ?" አለ ጎረቤቴ።

"ጣልኳቸው።"

"አንተ" አለ ቀስ ብሎ፣ "የአጋሮ ሰው ነህ። ጀንፈል አታውቅም?"

ጀንፈል ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና ነው። ጥቁር፣ የተጨማደደ፣ መልክ የለሽ፤ ፍሬው ያለው ውስጡ ነው። አቂቅም እንደዚያው ኖሯል። መጋዘኔ የሚመጣው ቡና ተፈልፍሎ ያለቀለት ነበር ብዬ ልከራከር አሰብኩ፤ አፌ ትልቅ ቢሆንም እምቢ አለኝ። ጎረቤቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን ቀለበት ጣቱ ላይ እያዞረ በሩ ወዳለበት፣ ብርሃን ወደሚገባበት ዞሮ ቆመ። በዚያ ዓይን ሁለተኛ ጉዞ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። "ታኮዋስ?"

"ወንበር ሥር ናት።"

"አልሐምዱሊላህ።"

ደህና ሾፌር ታኮውን መንገድ ላይ ጥሎ አይሄድም፤ ከኋላ የሚመጣ ሰው ይገጨዋልና። ማንም የማያልፍበት በረሃ ላይ እንኳ ይህን ወግ አልጣሰም። ልጁ አመጣት። ወርቅ ሠሪው ሲመታት ለሁለት ተከፈለች፤ በምራቁ አራሳት፤ ውስጧ በስስ መስመር ላይ መስመር የተደረበበት ነው። የተሻለውን ቁራጭ ለሚጠርበው ሰው ወደ አዲስ አበባ ላከልን።

መጠበቅ ሆነ። ጎረቤቴ በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሞ የመስጊዱ ጫፍ ላይ ያለችውን የብረት ጨረቃ ይፈልጋል። እኔ በአጥሩ በኩል "አለች?" እለዋለሁ። "አለች" ይላል። አንዳንድ ቀን መልሱ ይዘገያል፤ ያን ቀን ቁርስ አይበላልኝም።

ፈርጡ የመጣ ዕለት ከወርቅ ሠሪው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ቆመ። ቀለበቱን ከዓይኑ ሥር እስኪነካው አቀረበና ወዲያና ወዲህ አዘነበለው። ባጃጆች አለፉ። ጫት የተሸከመ ሰው ገፍቶት አለፈ፤ አልተነቃነቀም።

"አለች?" አልኩት።

"አለች። ግራጫ ናት። መሐሏ ላይ ነጭ መስመር አላት።"

"እኔማ ብትጠይቀኝ ቀይ ናት ልልህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ፣ ዓይኑን ከእሷ ሳያነሣ። "ለዚህ ነው ያልጠየቅኩህ።"

ሚስቱ ግን አይታ፣ የድሮው ይሻል ነበር አለች።