በርቢ የሰጠኋት ላም

እመቤትን የማያመሰግን የለም። ከጥሊሊ እስከ እንጅባራ ስሟ በተነሳ ቁጥር «እጇ የተባረከ ነው» ይባላል። እኔም ላመስግናት ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ አልወጣ አለ። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልናገር።

ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ተወላጅ፣ አዊ ናት። ባሏ አዝመራው በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ሞተባትና ልጅም ከብትም ሳይተርፋት ቀረች። እኔ የምኖረው ከተራራው ሥር ነው። ግጦሽ ጠቦኝ ስለነበር ቦራ የምትባለውን ጊደሬን በርቢ ሰጠኋት፤ እሷ ልትጠብቅና ልታልብ፣ የሚወለደውን ልንካፈል። ያን ጊዜ መንደሩ ያመሰገነው እኔን ነበር። «ውቢት ለድኃ አሳቢ» ተባልኩ። ደስ ብሎኝም ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

በ2007 ዓ.ም. የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው እንግዶችን ወደ ተራራው ያወጡ ጀመር። ከአዲስ አበባም ከውጭም የሚመጣው ሰው በቀርከሃ ጎጆ ያድራል፣ ከእረኞች ጋር ይውላል፣ ከብት ሲታለብ ያያል። ያ ሁሉ ሰው የሚሰበሰበው እመቤት ደጃፍ ነው። ቦራን ስታልብ በአዊኛ ታንጎራጉርላታለች፤ ላሚቱም ዓይኗን ከደን አድርጋ ወተቱን ትለቀዋለች። እንግዳው የሚባለው አስጎብኚ «ይህች እመቤት ናት፣ ያቻት ደግሞ ላሟ» ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ላሟ! ቆሽቴ አረረ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስለ እኔ ኖሯል።

ገንዘቡ አይደለም ያንገበገበኝ። ማኅበሩ የሚከፍላት ለጨውና ለጋዝ ቢሆን ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን ማየቱ ነው። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። በማግስቱ ወጣሁ።

«ቦራን ልወስዳት ነው» አልኳት።

«ምነው ውቢትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ላሜ አይደለች?»

ልንካፈላት የነበረችውን ጥጃዋን አስቀድማ ገመዱን አስያዘችኝ፣ የላሚቱን ጀርባ ዳበስ አደረገችና ጎጆዋ ገባች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለአስጎብኚው ለእንግዳው «ከእንግዲህ እንግዶቹን ወደ እኔ አምጣ» አልኩት። ቅዳሜ አራት ሰው ይዞ መጣ። አዲስ ቀሚሴን ለብሼ፣ ጥጃዋን አስጠብቼ፣ የማለቢያ ግሬራዬን በጉልበቴ መሃል ይዤ ተቀመጥኩ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የቦራን ግት አሻሸሁ፣ በአማርኛ አንጎራጎርኩ፤ እሷ እቴ! ሽቅብ ተራራውን ታያለች። እኔ ከአዊኛ የማውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ሲጨንቀኝ እሱኑ አልኳት። ጆሮዋን ቀሰር አደረገች። ከቤቴ የወጣች ጊደር ተራራ ላይ ቋንቋ ለምዳ ተመለሰችብኝ! እንግዶቹ ሳቁ።

«እትዬ ውቢት፣ እመቤትን ልጥራልዎት?» አለ እንግዳው ጎንበስ ብሎ።

«መጥታ ምን ልትፈይድ?» አልኩት። ግሬራው ግን ባዶ ነበር። «ጥራት» አልኩ።

እየሮጠች ወረደች። አልሳቀችብኝም፣ አላሾፈችም። ቁጢጥ ብላ ሁለት ስንኝ ሳትጨርስ የወተቱ አረፋ ግሬራውን ሞላው። እሰይ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ ተነሳችና ግሬራውን በእጄ አስቀመጠችው።

«የላሚቱ ባለቤት እሷ ናት፤ እሷን ፎቶ አንሷት» አለቻቸውና ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለች።

እኔም ቀና ብዬ ቆሜ፣ ጥርሴን ገልጬ ተነሳሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም።

ከወር በኋላ እንግዳው ፎቶውን በትልቁ አሳጥቦ አመጣልኝ። እኔ መሃል ነኝ፣ ወተቱን ይዣለሁ፣ ቀሚሴ ያምራል። እመቤት የለችበትም። ቦራ ግን አንገቷን እስኪጣመም ድረስ ወደ አጥሩ አዙራለች።

ላሚቱ እስካሁን እኔ ዘንድ ናት፤ ጥጃዋ ያተረፈችልኝን ወተት እቃርማለሁ። ፎቶውን በሩ ፊት ለፊት ሰቅዬዋለሁ። የገባ ሰው ሁሉ «ላሚቱ ምን እያየች ነው?» ይለኛል።

«ሳር ነው» እላለሁ።